ለቤት ጃኩዚ ክሎሪን ወይስ ብሮሚን?

(ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ ለአማርኛ ተናጋሪ የቤት ባለቤቶች በተዘጋጀ ምሽት የቀረበ ንግግር። ለንባብ እንዲመች በጥቂቱ ተስተካክሏል።)

እንደምን አመሻችሁ። በዚህ ብርድ ወጥታችሁ ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ።

ሥራዬ የመዋኛ ገንዳና የጃኩዚ ጥገና ነው። ስለዚህ ሰው ባገኘሁ ቁጥር አንድ ጥያቄ አይቀርልኝም። ሠርግ ላይ ተጠይቄያለሁ። ለቅሶ ቤት ሳይቀር ተጠይቄያለሁ። "ጓሯችን ጃኩዚ አለ፤ ምን ልጨምርበት?" ብዙዎቻችሁ ጃኩዚውን ፈልጋችሁ አልገዛችሁትም። ቤቱን ስትገዙ አብሮ መጣ። የቀድሞው ባለቤት ጋራዡ ውስጥ የተጋመሰ የኬሚካል ባልዲ ትቶላችሁ ሄደ። ባልዲው ላይ ያለው ጽሑፍ ደብዝዟል። ወደዚያ ባልዲ እንመለሳለን።

መልሱን ላጓትተው አልፈልግም። ውሃው ውስጥ ሁልጊዜ መገኘት ያለበት ክሎሪን ወይም ብሮሚን ነው። ከሁለት አንዱ። የቀረው ሁሉ፣ ኦዞን የሚባለው ጋዝም አልትራቫዮሌት መብራቱም ማዕድኑም፣ አጋዥ ነው። ከሁለቱ የትኛው እንደሚሻላችሁ ለማወቅ ደግሞ የሱቁን ዋጋ ከማየታችሁ በፊት የራሳችሁን ልማድ እዩ። በሳምንት ስንቴ ትገባላችሁ? ከእናንተ ሌላ ማን ይገባል? ውሃውን ማን ይለካል? ማንም የማይለካ ከሆነ የትኛውም ኬሚካል አያድናችሁም።

አገር ቤት ሙቅ ውሃ ሲባል የምናውቀው ፍልውሃን ነው። አዲስ አበባ ራሷ በ1879 ዓ.ም. የተቆረቆረችው እቴጌ ጣይቱ ፍልውሃን ወደውት ነው። ወንዶ ገነትን የምታውቁ አላችሁ። ውሃው ከመሬት ይወጣል፣ ሰው ይታጠብበታል፣ ይፈስሳል። አዲስ ይተካዋል። ጓሮ ያለው ጃኩዚ ግን ውሃው የትም አይሄድም። ፓምፑ ያዞረዋል፣ ማሞቂያው ያሞቀዋል፣ ተመልሶ እዚያው ይገባል። ዛሬ ማታ የምትነከሩበት ውሃ ባለፈው ወር ዘመዶቻችሁ የተነከሩበት ውሃ ነው። ደስ አይልም፤ ግን እውነቱ ይኸው ነው።

እስቲ እናስላው። መካከለኛ ጃኩዚ 400 ጋሎን ገደማ ይይዛል። ወደ 1,500 ሊትር ማለት ነው። አራት ሰው ሲገባበት ለአንድ ሰው 100 ጋሎን ይደርሰዋል። 20,000 ጋሎን በሚይዝ የመዋኛ ገንዳ ውስጥ ይህን ያህል ለመጨናነቅ 200 ሰው አንድ ላይ መግባት አለበት። 200 ሰው ሠርግ ነው! በዚያ ላይ ውሃው እስከ 104 ዲግሪ ፋራናይት ይሞቃል፤ 40 ሴልሺየስ ነው። ሰው ያልበዋል። ውሃውን በኃይል የሚረጨው ቀዳዳ፣ ጄቱ፣ አየር እየቀላቀለ ያንተከትከዋል። ላቡም ሙቀቱም ጄቱም ክሎሪኑን ይበሉታል። ሰኞ ለክታችሁ "በቂ ነው" ያላችሁት ውሃ ረቡዕ ባዶ ሊሆን ይችላል። የመዋኛ ገንዳ ይታገሣል። ጃኩዚ ትዕግሥት የለውም።

እናቶቻችን ከሙቅ ውሃ ወጥቶ ብርድ ላይ የሚቆም ሰው ሲያዩ "ምች ይመታሃል" ይላሉ። እኔ የምፈራው ግን ሌላ ነገር ነው። ሌጅዮኔላ ይባላል።

እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር በ1976 በጋ ላይ ነው። ከዚህ በመኪና ሁለት ሦስት ሰዓት በምትርቀው ፊላዴልፊያ፣ ቤልቪው ስትራትፎርድ በተባለ ሆቴል፣ አሜሪካን ሌጅን የተባለው የቀድሞ ወታደሮች ማኅበር ጉባኤ አደረገ። ከጉባኤው የተመለሱት ሰዎች በሳንባ ምች ይወድቁ ጀመር። ከ180 በላይ የማኅበሩ ተሳታፊዎች ታመሙ። 29ኙ ሞቱ። ሐኪሞቹ ምን እንደሆነ ግራ ገባቸው። ባክቴሪያው የታወቀው በጥር 1977 ነው፤ ስሙንም ከማኅበሩ ወሰደ። እዚያ ጃኩዚ አልነበረም፤ ጣት የተቀሰረው በሆቴሉ አየር ማቀዝቀዣ ላይ ነው። ግን ባክቴሪያው የሚወደው ከ77 እስከ 113 ዲግሪ ፋራናይት ያለ ለብ ያለ ውሃ ነው። የጃኩዚን ሙቀት አስታውሱ። ሰውን የሚይዘው ደግሞ በጤዛው ነው፤ በዓይን የማይታዩ የውሃ ጠብታዎች ወደ ሳንባ ሲሳቡ። ጄት ማለት ጤዛ የሚሠራ መሣሪያ ነው።

በ1999 ኔዘርላንድስ ውስጥ፣ ቦቨንካርስፔል በምትባል ከተማ፣ ትልቅ የአበባ ኤግዚቢሽን ነበር። ከሚታዩት ዕቃዎች መካከል ውሃ የተሞላ፣ የሚንፈቀፈቅ ጃኩዚ ነበር። ሰው የመጣው አበባ ሊያይ ነው። 32 ሰዎች ሞቱ። እዚሁ አሜሪካ በ2019 ሰሜን ካሮላይና፣ ፍሌቸር ከተማ በተካሄደው የማውንቴን ስቴት ፌር ላይ ከ130 በላይ ሰዎች በዚሁ በሽታ ታመው 4ቱ ሞተዋል። ምርመራው የጠቆመው ወደ አዳራሹ የጃኩዚ ማሳያዎች ነው። ልብ በሉ፤ ጎብኚው ለመታመም ውሃው ውስጥ መግባት አላስፈለገውም። ባጠገቡ ማለፍ በቃው።

እንዲህ ያለው ከባድ ነገር በየቤቱ በየቀኑ አይደርስም። በየቤቱ የሚያጋጥመው ሽፍታው ነው። ሱዶሞናስ የሚባል ባክቴሪያ አለ። ክሎሪኑ ሲያልቅ ይራባል። ሰው ገብቶ በወጣ በሁለተኛው ቀን አካባቢ የዋና ልብሱ በሸፈነው ቦታ ላይ ቀይ ቀይ እብጠት ይወጣበታል። ያን ጊዜ ሰዉ ምን ይላል? "ክሎሪኑ በዛብኝ።" የሆነው ግን ተቃራኒው ነው። ክሎሪኑ አንሶ ነው።

የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያ ማዕከል፣ ሲዲሲ፣ ለጃኩዚ የሚለው ቁጥር አጭር ነው። ክሎሪን ከሆነ ቢያንስ 3 ፒፒኤም። ብሮሚን ከሆነ ከ4 እስከ 8። ፒኤች፣ ማለትም የውሃው አሲድነት መለኪያ፣ ከ7.0 እስከ 7.8፤ ቁጥሩ ሲወርድ ውሃው አሲዳማ ነው። ፒፒኤም ማለት በሚሊዮን ስንት እጅ ነው። በ400 ጋሎን ውሃ ውስጥ 3 ፒፒኤም ክሎሪን አራት ግራም ተኩል ቢሆን ነው። ጥቂት ናት። ግን ሁልጊዜ መኖር አለባት።

እዚህ ላይ ሻጮቹን ላንሳ። ጃኩዚ ልትገዙ ስትሄዱ "ይኼኛው ኬሚካል አይፈልግም" የሚል ሰው ያጋጥማችኋል። ኦዞን አለው ይላል። አልትራቫዮሌት መብራት አለው ይላል። ሁለቱም እውነተኛ ነገሮች ናቸው፣ አልክድም። ኦዞን ኃይለኛ ነው። መብራቱም ባክቴሪያውን ይጎዳል። ግን የሚሠሩት ውሃው በቧንቧው ውስጥ በእነሱ በኩል ሲያልፍ ብቻ ነው። አጠገባችሁ የተቀመጠው ሰው ቁስል ቢኖረው፣ ከእሱ ወደ እናንተ የሚመጣውን ውሃ የሚጠብቅ ነገር የለም። ክሎሪንና ብሮሚን ግን ውሃው ውስጥ ይቆያሉ። ጀርሙን ያለበት ቦታ ያገኙታል። ልዩነቱ እዚህ ጋ ነው። ኦዞን ካለው ጃኩዚ ጋር የመጣ ቤት የገዛችሁ ሰዎች ኦዞኑን አትንቀሉት። አጋዥ ነው፣ ያግዛችሁ።

የብርና የመዳብ ማዕድን የያዘችው ዘንግም እንዲሁ ናት። ማጣሪያው መሃል ትገባለች። ባክቴሪያን ታዳክማለች፤ ግን ቀስ ብላ ነው። መመሪያዋን እስከ መጨረሻው ብታነቡት ከእሷ ጋር ክሎሪን ወይም ሌላ ኦክሳይድ አድራጊ፣ ማለትም ቆሻሻ የሚያቃጥል ኬሚካል፣ ጨምሩ ይላል። ያቺን መስመር ሻጩ አያነብላችሁም። ኢንዛይም የሚባለውም አለ፤ ቅባት ይሰብራል፣ ጀርም አይገድልም። "ክሎሪን አልባ ሾክ" የሚባለው ዱቄትም፣ ሞኖፐርሰልፌት ነው ስሙ፣ ላብና ቅባት ያቃጥላል እንጂ ብቻውን ጠባቂ አይሆንም።

ጨው ደግሞ አለ። ይኼ ብዙ ሰው ያሳስታል። "የእኛ በጨው ነው የሚሠራው፣ ክሎሪን የለውም" ይሉኛል። አለው። ማሽኑ በኤሌክትሪክ ከጨው ክሎሪን ያመርታል። እንጀራ ከሱቅ መግዛትና ቤት መጋገር ማለት ነው፤ እንጀራው ያው ነው። ጥቅሙ በየጊዜው ትንሽ ትንሽ እየጨመረ ስለሚሄድ ውሃው ከፍ ዝቅ አይልበትም። ጉዳቱ ማምረቻው ሴል ውድ ነው፤ ያረጃል፣ ይለወጣል። ደግሞ ዘመድ ሞልቶ ሲገባ የማሽኑ ምርት አይበቃም። ያን ቀን በእጅ መጨመር የግድ ነው።

ቢጓናይድ የሚባል ሦስተኛ ዓይነት ጀርም ገዳይም አለ። ክሎሪንም ብሮሚንም አይደለም። ውድ ነው፤ ከክሎሪን ጋር አይስማማም። እኔ አልመክረውም። ባጭሩ ልለፈው።

ሱቅ ገብታችሁ ብትጠራጠሩ አንድ መለያ ልስጣችሁ። በዚህ አገር ጀርም እገድላለሁ ብሎ የሚሸጥ የውሃ ኬሚካል ኢፒኤ፣ ማለትም የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤቱ ዘንድ መመዝገብ አለበት። የምዝገባ ቁጥሩ ማሸጊያው ላይ ይጻፋል። ቁጥር የሌለው ጠርሙስ፣ ቅጠል ቢሳልበትም "ተፈጥሯዊ" ቢባልም፣ ጀርም ገዳይ ብላችሁ አትቁጠሩት።

አሁን ወደ ክሎሪን እንግባ። ክሎሪን አንድ ነገር አይደለም፤ በብዙ መልክ ይሸጣል።

ትሪክሎር የሚባለው ክብ ክብ ኪኒን የመዋኛ ገንዳ ነው። ርካሽ ነው፣ በባልዲ ይሸጣል። ጃኩዚ ውስጥ አታስገቡት። በጣም አሲዳማ ነው። በሙቅ ውሃ ቶሎ ይሟሟል። ማሞቂያውን ይበላል፣ የገንዳውን ገጽ ያነጣዋል። በዚህ ምክንያት ዋስትናቸውን የሚያጡ ሰዎች አሉ። ያ ጋራዥ ውስጥ የተተወላችሁ ባልዲ ብዙ ጊዜ ይህ ነው።

ዳይክሎር ደግሞ ነጭ ዱቄት ነው። ለጃኩዚ የሚሸጠው ክሎሪን አብዛኛውን ጊዜ እሱ ነው። ቶሎ ይሟሟል፤ ፒኤችን ብዙ አይረብሽም። ለጀማሪ የሚቀለው እሱ ነው። ግን አንድ ጣጣ ይዞ ይመጣል። ሲያኑሪክ አሲድ ይባላል። ይህ አሲድ መዋኛ ገንዳ ላይ ክሎሪኑን ከፀሐይ ይከላከላል። ጃኩዚ ግን ክዳን አለው፤ ፀሐይ አያየውም። ክሎሪኑ እየተበላ ሲሄድ አሲዱ እዚያው ይቀራል። በዳይክሎር አንድ ፒፒኤም ክሎሪን በጨመራችሁ ቁጥር 0.9 ገደማ የዚህ አሲድ ይገባል። በየቀኑ 3 ብትጨምሩ በወሩ 80 አካባቢ ይደርሳል። አሲዱ ሲበዛ ክሎሪኑን አስሮ ይይዘዋል። መለኪያው "አለ" ይላል፤ ክሎሪኑ ግን ሥራውን ቀስ ብሎ ነው የሚሠራው። "ውሃው መጀመሪያ ደህና ነበር፣ በሁለተኛው ወር ተበላሸብኝ" የሚሉኝ ሰዎች ነገር ብዙ ጊዜ ይኸው ነው። ሲዲሲ ይህ አሲድ ያለበትን ክሎሪን ጨርሶ ለጃኩዚ አትጠቀሙ ይላል።

የቀረው በረኪና ነው። አዎ፣ በረኪና። ሶዲየም ሃይፖክሎራይት። አገር ቤት ለመጠጥ ውሃ ጠብ የምናደርገው ውሃ አጋርም ቀጥኖ እንጂ እሱው ነው። የመዋኛ ዕቃ የሚሸጡ ሱቆች "ፈሳሽ ክሎሪን" ብለው 10 ወይም 12.5 ፐርሰንቱን ይሸጣሉ። እኔ የምወደው እሱን ነው፤ መለያው ላይ ለውሃ ማከሚያ ተብሎ ተጽፎበታል። የልብስ በረኪናው ሽቶ ይጨመርበታል፤ እንዳይረጭ ይወፍራል፤ ሌላም ይታከልበታል። ያ ሁሉ ውሃችሁ ውስጥ ይገባል። በ10 ፐርሰንቱ ለ400 ጋሎን 3 ፒፒኤም ለመጨመር 45 ሚሊ ሊትር ገደማ ይበቃል፤ ሦስት የሾርባ ማንኪያ ነው። ጉዳቱ? ፈሳሹ በመቀመጥ ብዛት ይደክማል፣ ሙቀት ላይ ደግሞ ይብሳል። ሐምሌ ጋራዥ ውስጥ የከረመ ጋሎን ላይ የተጻፈውን ፐርሰንት አትመኑት። ሌላው ጉዳት ደግሞ እጅ ይፈልጋል። ገብታችሁ በወጣችሁ ቁጥር ትጨምራላችሁ። ሳትገቡም በየአንድ ሁለት ቀኑ ክዳኑን ታነሳላችሁ።

ብሮሚን እዚህ ጋ ነው የሚመጣው። ብሮሚን የሚሸጠው ትንንሽ ኪኒን ሆኖ ነው። በምትንሳፈፍ ዕቃ ውስጥ ታስገቡታላችሁ፤ ቀስ እያለ ይሟሟል። እናንተ ሥራ ስትሄዱ እሱ ሥራ ላይ ነው። ሁለት ሌላ ጥሩ ጠባይ አለው። አንደኛ፣ ከላብና ከሽንት ጋር ሲጣበቅም መግደሉን አያቆምም። ክሎሪን ግን ሲጣበቅ ክሎራሚን ይሆናል፤ ደካማ፣ የሚሸት፣ ዓይን የሚቆጠቁጥ ነገር። ያ "የክሎሪን ሽታ" የምንለው ይኼ ነው። ጃኩዚው በጣም ከሸተተ ክሎሪን በዛ ማለት አይደለም፤ ያለው ተበልቷል ማለት ነው። ሁለተኛ፣ ፒኤች ከፍ ሲል ብሮሚን ብዙ አይደነግጥም። ክሎሪን ፒኤች 7.5 ላይ ግማሹ ብቻ ነው በብርቱው መልኩ የሚገኘው። 8 ላይ ሩብ እንኳ አይሞላም። ብሮሚን 8 ላይ ከ80 ፐርሰንት በላይ ብርቱ ነው። ጃኩዚ ደግሞ ጄቱ በነፋ ቁጥር ፒኤቹ ወደ ላይ መውጣት ይወዳል።

ታዲያ ለምን ሁሉም ሰው ብሮሚን አይጠቀምም? ውድ ነው። ሽታው ቆዳ ላይ ይቆያል፤ አንዳንዱ ሰው አይወደውም። ከክሎሪን ዘገም ይላል። ድግስ ሲኖር ኪኒኑ ብቻውን አይደርስም፤ ሾክ፣ ማለትም ላብና ቅባቱን ባንዴ የሚያቃጥል ኬሚካል፣ መጨመር አለባችሁ። መመለሻም የለውም። አንዴ ብሮሚን የገባበት ውሃ ክሎሪን ብትጨምሩበት መልሶ ብሮሚን ይሆናል። ወደ ክሎሪን መዞር ከፈለጋችሁ ውሃውን ማፍሰስ ነው። ኦዞን ያለው ጃኩዚ ግን ከብሮሚን ጋር ጥሩ ይግባባል፤ ኦዞኑ የተዳከመውን ብሮሚን እያደሰ ያስነሳዋል።

የእኔ ምክር እንግዲህ ይኸውላችሁ። ባልና ሚስት ሆናችሁ በየምሽቱ የምትገቡ፣ ክዳኑን ማንሳት የማይሰለቻችሁ ከሆነ ፈሳሽ ክሎሪን። ርካሽ ነው፣ ንጹሕ ነው፣ ውሃው ላይ ሲያኑሪክ አሲድ አይከማችም። ቅዳሜና እሑድ ብቻ የምትገቡ፣ ወይም ዲፕ ክሪክ ሐይቅ አካባቢ ቤት ኖሯችሁ በሁለት ሳምንት አንዴ ብቅ የምትሉ ከሆነ ብሮሚን። ፈረቃ እየቀያየራችሁ የምትሠሩ፣ ኡበር የምትነዱ፣ ቤት የምትገቡበት ሰዓት የማይታወቅ ሰዎችም ብሮሚን ይሻላችኋል። ቤቱን ለእንግዳ የምታከራዩ ከሆነ ግን ነገሩ ሌላ ነው። በየእንግዳው መሃል የሚለካ፣ ማጣሪያ የሚያጥብ፣ ውሃ የሚቀይር ሰው ቅጠሩ። ያ ሰው ከሌለ ጃኩዚውን ቆልፉት። ይህን ስል ሥራ ለራሴ እየፈለግሁ ይመስላል፤ ይሁን።

የትኛውንም ብትመርጡ መለካት አለ። አንዱ መንገድ የመለኪያ ወረቀቷን ውሃ ውስጥ ነክሮ ቀለም ማየት ነው፤ ፈሳሽ ጠብ እያደረጉ ከሚለኩበት መለኪያ ጋር ሲተያይ ግምት ነው፣ ግን ከምንም ይሻላል። የክሎሪን መለኪያ ይዛችሁ ብሮሚን የምትለኩ ከሆነ ያገኛችሁትን በ2.25 አባዙት።

ከመግባታችሁ በፊት ታጠቡ። ይህን ለእኛ ሰው ጠንከር አድርጌ እናገራለሁ። እኛ ቅባት እንወዳለን። የኮኮናት ዘይት፣ ሺያ ቅባት፣ ቅዳሜ ጠዋት ደግሞ ፀጉር ላይ ለጋ ቅቤ። ቅቤ የተቀባ ፀጉር ይዞ ጃኩዚ የገባ ሰው የሁለት ቀን ክሎሪን ይዞ ይወጣል። ዳር ዳሩን የሚዞረው ቡናማ መስመር ከዚያ ነው የሚመጣው።

ውሃ መቼ ይቀየራል? ጋሎኑን ለሦስት አካፍሉት፤ የተገኘውን በቀን ለሚገቡት ሰዎች ቁጥር አካፍሉት። 400 ጋሎን፣ በቀን ሁለት ሰው፤ 66 ቀን ይመጣል። ከማፍሰሳችሁ በፊት የቧንቧ ማጽጃ ጨምራችሁ አዙሩት። ቧንቧው ውስጥ የሚጣበቅ አተላ የሚመስል ሽፋን አለ፤ ባክቴሪያው የሚደበቀው እዚያ ነው። ክሎሪን በቀላሉ አይገባበትም።

ስለ ባልዲው ቃል ገብቼ ነበር። የማታውቁትን ኬሚካል ከምታውቁት ጋር አታገናኙ። አንዱ ክሎሪን ከሌላው ክሎሪን ጋር፣ በደረቁ፣ ሲደባለቅ ሊቀጣጠል ይችላል። ሊፈነዳም ይችላል። በረኪና ላይ አሲድ ከገባ የሚወጣው ጋዝ ሳንባ ያቃጥላል። ብሮሚን የነበረባት ተንሳፋፊ ዕቃ ውስጥ የክሎሪን ኪኒን አታስገቡ። ሁልጊዜ ኬሚካሉን ወደ ውሃው ጨምሩ እንጂ ውሃውን በኬሚካሉ ላይ አታፍስሱ። ጽሑፉ የደበዘዘውን ባልዲ ከፍታችሁ አታሽትቱት። ቆሻሻ መጣያ ውስጥም አትጣሉት። የሞንጎመሪ ካውንቲ ሰዎች ሻዲ ግሮቭ ያለው ማስረከቢያ ወስዳችሁ አስረክቡ።

ጥያቄዎች ነበሩ፤ ጥቂቶቹን እነሆ።

አንዲት እህት፣ "ክሎሪን ቆዳዬን ያሳክከኛል፤ ወደ ብሮሚን ልዙር?" ብላ ጠየቀች። መጀመሪያ ፒኤቹን ለኪው። ፒኤች ከወረደ፣ ወይም ክሎራሚን ከተጠራቀመ ቆዳም ዓይንም ይቆጣል። ብዙ ሰው "አለርጂ ነኝ" የሚለው በዚህ ነው። ደግሞ አብዛኛው የብሮሚን ኪኒን ውስጡ ክሎሪንም አለው። ውሃው ተስተካክሎም ካሳከከሽ የቆዳ ሐኪም ጋ ሂጂ።

አንድ አባት ከወደ ኋላ፣ "የቧንቧው ውሃ ራሱ ክሎሪን አለው አይደለም እንዴ? ለምን እንጨምራለን?" አሉ። ልክ ነዎት፣ አለው። ዲሲና አርሊንግተን አብዛኛውን ዓመት ክሎራሚን ነው የሚጠቀሙት። አዲስ ሞልተው ሲለኩት "ጠቅላላ ክሎሪን" የሚለው ቀለም ይወጣል፤ "ነጻ ክሎሪን" የሚለው ግን ባዶ ይሆናል። የሚያስፈልግዎት ነጻው፣ ከምንም ያልተጣበቀው ነው። ከሁለቱ ቀለሞች ምንጊዜም ነጻውን ይመልከቱ።

"የሦስት ዓመት ልጄን ይዤ ልግባ?" ለተባለው መልሴ አጭር ነው። አይሆንም። ሲዲሲ ከአምስት ዓመት በታች ያሉ ልጆች ጃኩዚ አይግቡ ይላል። እርጉዝ የሆናችሁ፣ የልብ ወይም የሳንባ ሕመም ያለባችሁ ደግሞ ሐኪማችሁን ሳትጠይቁ አትግቡ።

የመጨረሻው ጥያቄ ከአንድ ወጣት ነበር። "ውሃውን ሳፈስስ ጎዳናው ላይ ብለቀው ችግር አለው?" አለው። ጎዳናው ዳር ያለው የዝናብ ቦይ በዚህ አካባቢ ወደ ማጣሪያ ጣቢያ አይሄድም። በቀጥታ ጅረት ውስጥ ይገባል። እዚህ ሲልቨር ስፕሪንግ ከሆነ ስላይጎ ክሪክ ይገባል፤ ከዚያ አናኮስቲያ ወንዝ። ክሎሪን ደግሞ በጥቂቱም ዓሣ ይገድላል። ኬሚካል መጨመር አቁም። ክዳኑን ከፍተህ ጥቂት ቀን ተወው፤ መለኪያው ዜሮ ሲል፣ ውሃውም ሲቀዘቅዝ፣ ቀስ አድርገህ ሣርህ ላይ ልቀቀው። የጨው ጃኩዚ ከሆነ ግን ሣሩን ጨው ያደርቅብሃል። እሱን፣ ብሮሚን ያለውንም፣ ቤትህ ወደ ፍሳሽ መስመሩ የሚገባበት ክዳን ያለው ቧንቧ አለ፤ በእሱ በኩል ብታወጣው ይሻላል። የት እንደሆነ ካላወቅህ የውሃ መሥሪያ ቤቱን ደውለህ ጠይቅ።